ለኦፕን ሶርስ ፕሮጀክታችሁ አዲስ ሰው እንዴት ይመጣል? መጥቶስ እንዴት ይቆያል?

የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ የሚቀይር ትንሽ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች ውስጥ የሚገባ የኮድ ስብስብ) አለችኝ። ጊትሀብ (ኮድ የሚቀመጥበትና በጋራ የሚሠራበት ድረ ገጽ) ላይ አውጥቻት ዓመት እስኪሞላት ብቻዬን ነበርኩ። ሪድሚው (የፕሮጀክቱ መግለጫ ፋይል) ግርጌ ላይ «መርዳት የሚፈልግ ሁሉ እንኳን ደህና መጣ» የሚል መስመር ጽፌ ቁጭ አልኩ። ማንም ዝር አላለም።

አንድ ቀን ግን አንድ ልጅ መጣ። ጳጉሜ ላይ ያለች ስህተት አግኝቶ፣ ራሱ አስተካክሎ፣ ፑል ሪኩዌስት («ለውጤን ተቀበለኝ» የሚል ጥያቄ) ላከልኝ። ኢሜይሉን አየሁት። «ቅዳሜ ተረጋግቼ አየዋለሁ» አልኩ። ያቺ ቅዳሜ ሦስት ሳምንት ፈጀች። ስመለስ ልጁ የለም። «ይቅርታ ዘገየሁ» ብዬ ጻፍኩለት፤ መልስ የለም። አልፈረድኩበትም። ቤቴ ድረስ መጥቶ በር አንኳኩቶ፣ ከውስጥ ድምፄን እየሰማ፣ የሚከፍትለት አጥቶ የሄደ ሰው ነው።

አሁን አራት ሰዎች አብረውኝ ይሠራሉ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የቀየርኳቸውን ነገሮች በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ። ምሳሌው ሁሉ ከጊትሀብ ነው፤ ጊትላብ ለምትጠቀሙም ብዙ አይለይም።

1. በራሳችሁ ቤት እንግዳ ሁኑ

እናንተ ላፕቶፕ ላይ ሁሉም ነገር ይሠራል። ለምን? ዓመት ሙሉ የሚያስፈልገውን ሁሉ ስትጭኑበት ኖራችኋላ። አዲስ ሰው ግን ባዶ ማሽን ይዞ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ የጓደኛ ላፕቶፕ ተዋሱ። ዋይፋዩን አጥፉና በሞባይል ዳታ ተገናኙ። ከዚያ ሪድሚው የሚላችሁን ብቻ፣ መስመር በመስመር እየተከተላችሁ፣ ፕሮጀክቱን አስነሡ። ከጭንቅላታችሁ ምንም አትጨምሩ። የተደናቀፋችሁበትን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉ።

እኔ ይህን ሳደርግ አፈርኩ። ወረቀቱ ሞላ። አንዱ ትእዛዝ ከተቀየረ ስድስት ወር የሆነው ፋይል ስም ይጠራል። ሌላው ኡቡንቱ ላይ እንጂ ዊንዶውስ ላይ አይሠራም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ቴስት (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ) ለማስኬድ ዶከር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አሽጎ የሚያስኬድ መሣሪያ) የግድ ነበር፤ ለዚያ የሚወርደው ከአንድ ጊጋባይት በላይ ነው። ቀን ለሚቀይር ላይብረሪ! ጅማ ወይም አዳማ ቁጭ ብሎ በጥቅል ኢንተርኔት የሚሠራ ተማሪ ጥቅሉን ለእኔ ቴስት አይጨርስም። መጨረስም የለበትም። ዶከሩን ለፈለገ ብቻ አደረግኩት። አሁን ቴስቱ ያለ ዶከር፣ አንዴ ከወረደ ደግሞ ያለ ኢንተርኔትም ይሄዳል።

የእኔ መለኪያ 15 ደቂቃ ናት። ኮዱን ካወረደ በኋላ በ15 ደቂቃ ውስጥ ቴስቱ አልፎ አረንጓዴ ካልሆነለት ሰውየው ይሄዳል። «አልሠራልኝም» ብሎ እንኳ አይነግራችሁም። ጥፋቱ የእሱ ይመስለዋል።

2. ላይሰንስ አስገቡ

ይህኛው አጭር ነው። ኮድ ጊትሀብ ላይ ስለታየ ብቻ ኦፕን ሶርስ አይሆንም። ላይሰንስ ከሌለው የቅጂ መብቱ ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው፤ ሌላው ሰው ሊያነበው ይችላል እንጂ ሊጠቀምበትና አሻሽሎ ሊያሰራጨው ፈቃድ የለውም። ነገሩ የገባው ሰው፣ በተለይ ለመሥሪያ ቤቱ የፈለገው፣ ላይሰንስ ካላየ አይነካውም።

ለትንሽ ላይብረሪ ኤምአይቲ የሚባለው ላይሰንስ ጣጣ የለውም። «አሻሽሎ የሚያሰራጨው ሰው እሱም ክፍት ያድርገው» የምትሉ ከሆነ ጂፒኤል ይሻላችኋል። የፓተንት ነገር ካሳሰባችሁ አፓቺ 2.0 አለ። አንዱን መርጣችሁ እለፉ።

3. ሪድሚው መጀመሪያ ላይ አንድ ምሳሌ፣ ከዚያ አንድ ገጽ መመሪያ

የሪድሚው የመጀመሪያ ሦስት መስመሮች ይህ ነገር ምን እንደሚሠራ ማሳየት አለባቸው። ማሳየት ነው ያልኩት። የእኔ አሁን የሚጀምረው እንዲህ ነው፦ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲገባ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ይወጣል። በቃ። ፕሮጀክቱን ለምን እንደጀመርኩት የሚተርከውን ረጅም አንቀጽ ወደ ታች አወረድኩት። እውነቱን ለመናገር ከእናቴ በቀር የሚያነበው አልነበረም።

ከዚያ «ኮንትሪቢዩቲንግ» የሚባለውን ፋይል ጻፉ። ጊትሀብ ይህን ፋይል ያውቀዋል፤ አንድ ሰው ኢሹ (ስህተት ወይም ሥራ የሚመዘገብበት ማስታወሻ) ወይም ፑል ሪኩዌስት ሊከፍት ሲል ሊንኩን ራሱ ያሳየዋል። ከአንድ ገጽ አታስበልጡት። እንዴት ይነሣል፣ ቴስት እንዴት ይሄዳል፣ ጥያቄ ያለው የት ይጠይቅ፣ መልስ በስንት ቀን ይጠብቅ።

አንድ መስመር ደግሞ ጨምሩበት፦ «በአማርኛ መጻፍ ይቻላል።» የእኛ ልጆች ኮዱን ይችሉታል። እንግሊዝኛ ሰዋስዋቸው ላይ ሙድ ይያዝብናል ብለው ግን ይፈራሉ። ይህቺን መስመር ባስገባሁ በሳምንቱ በአማርኛ የተጻፈ የመጀመሪያ ኢሹ መጣልኝ። የጻፈችው ልጅ ላይብረሪውን ለስምንት ወር ስትጠቀምበት ኖራለች።

4. በአንድ ምሽት የሚያልቁ ሥራዎችን አዘጋጁ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ለመሥራት ጊዜ ካላችሁ ይህን ሥሩ።

አዲስ ሰው ፕሮጀክታችሁን ሲከፍት «ምን ልሥራ?» ነው የሚለው። የኢሹ ዝርዝራችሁ መልስ ካልሰጠው ያበቃለታል። የእኔ ዝርዝር ለራሴ የጻፍኳቸው ማስታወሻዎች ነበሩ። አንዱን ልጥቀስ፦ «ጳጉሜ ላይ ችግር አለ፣ ይታይ።» ምን ችግር? የት? የሚገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ከሁለት ወር በኋላ ለእኔም አልገባኝም።

ያቺኑ ኢሹ እንደገና ስጽፋት እንዲህ ሆነች፦

ርዕስ፦ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. አይቀየርም

አሁን የሚሆነው፦ «ልክ ያልሆነ ቀን» የሚል ስህተት ይመልሳል።

መሆን ያለበት፦ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መመለስ አለበት። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ ጳጉሜ 6 ቀን ናት። 2015 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል።

የት ነው፦ የወሩን ርዝመት የምትመልሰው ፈንክሽን ውስጥ። ለ13ኛው ወር ሁልጊዜ 5 ትመልሳለች።

እንዴት ይረጋገጣል፦ ቴስቱ ላይ ሦስት ቀኖች ጨምሩ። የ2011 እና የ2015 ጳጉሜ 6 መቀየር አለባቸው። የ2014 ጳጉሜ 6 ግን ውድቅ መሆን አለበት፤ በዚያ ዓመት ጳጉሜ 5 ቀን ብቻ ነበረች።

ይፈጃል፦ አንድ ምሽት። ከተጣበቃችሁ እዚሁ ሥር ጠይቁ፤ በሁለት ቀን ውስጥ እመልሳለሁ።

ይህን መጻፍ 40 ደቂቃ ወሰደብኝ። ራሴ ባስተካክላት 10 ደቂቃ ናት። ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ሁላችንም «እኔው ላጥፋት» እንላለን፤ ቀላል ቀላሉን ራሳችን ጨርሰን ለእንግዳው አጥንቱን እናስቀርለታለን። ከዚያ ደግሞ ሰው የለም ብለን እናማርራለን። ቀላሏን ሥራ ሆን ብላችሁ ተዉአት፤ የበሩ እጀታ እሷ ናት።

እንዲህ የተጻፈች ኢሹ ላይ «ጉድ ፈርስት ኢሹ» የሚለውን ሌብል ለጥፉ። ጊትሀብ ለጀማሪ የሚሆን ሥራ ለሚፈልጉ ሰዎች በዚህ ሌብል አጣርቶ ያሳያል። ሁልጊዜ አምስት ያህል ክፍት ይኑራችሁ። አንድ ሰው «እኔ ልውሰዳት» ብሎ ሁለት ሳምንት ድምፁ ከጠፋ በለሆሳስ ጠይቁት፦ «እንዴት እየሄደ ነው? ካልተመቸህ ለሌላ ሰው ልልቀቃት?» ይህ ወቀሳ እንዳይመስል ተጠንቀቁ። ብዙ ጊዜ ፈተና ደርሶበት ነው፤ ወይም መብራት የለም።

ኮድ የማይነኩ ሥራዎችንም አትርሱ። በእኔ ላይብረሪ ውስጥ በኦሮምኛና በትግርኛ የወር ስሞችን ያስገቡልኝ ሰዎች ፕሮግራመር አይደሉም። ስለ ጳጉሜ 6 ደግሞ ከማንም በላይ ያስረዱኝ አንድ ቄስ ናቸው። «ልጄ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲሆን ጳጉሜ ስድስት ትሆናለች» አሉኝ። የእኔ ለ4 ማካፈልና የእሳቸው አራቱ ወንጌላውያን አንድ ናቸው። ይህን በኮሜንት አስገብቼዋለሁ።

ትርጉም ካላችሁ ደግሞ ተርጓሚን ጊት (የኮድ ለውጥ መከታተያውን) አስተምራለሁ ብላችሁ አታድክሙት። የአማርኛ ዊኪፔዲያ የሚሠራበት ሚዲያዊኪ የሚተረጎመው ትራንስሌትዊኪ በሚባል መድረክ ላይ ነው፤ ተርጓሚው ገጽ ከፍቶ ሣጥን ውስጥ ይጽፋል እንጂ ኮድ አያይም። ለትንንሽ ፕሮጀክቶች ዌብሌት የሚባል አለ፤ እሱ ራሱ ኦፕን ሶርስ ነው።

ትልልቁን ሥራ ለኋላ አቆዩት። የፋሲካን ቀን በባሕረ ሐሳብ ማስላት፣ መጥቅዕና አበቅቴ ማውጣት፣ ይህ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ለመጣ ሰው ነው። ግን ተጽፎ ይታይ። የቆየ ሰው ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ ማየት አለበት።

5. ሰውን በስም ጥሩ

«ማን ይርዳኝ?» ብሎ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍ ብዙ አይሠራም። አምስት መቶ ሰው ያየዋል፤ አምስት መቶውም ሌላው ይረዳዋል ብሎ ያልፋል። እኔ ስድስት ጊዜ ለጥፌ ያገኘሁት ብዙ የአውራ ጣት ምልክት ነው።

የሚሠራው እንዲህ ነው። አንዲት ልጅ ግሩፑ ውስጥ ስለ ቀን አቆጣጠር ስትከራከር አየኋት። በውስጥ መስመር ጻፍኩላት፦ «ያልሽው ልክ ነው። እኔ ላይብረሪ ውስጥ ይቺ ነገር ተሳስታለች። ይኸው ኢሹዋ፣ ይኸው ፋይሉ። ልትሞክሪያት ትፈልጊያለሽ?» ያን ማታውኑ ሠራቻት።

ከሁሉ የተሻለው እጩ ደግሞ የሚያማርረው ሰው ነው። ስህተት አግኝቶ ኢሹ የከፈተ ሰው ፕሮጀክቱን ይጠቀማል፣ አስነሥቶታል፣ ተናዷል። ሦስቱም ጥሩ ናቸው። አመስግኑትና «ቦታውን ላሳይህ፣ ራስህ ታስተካክላት?» በሉት። እምቢ ቢል ምንም አይደል።

ገጠር ያደጋችሁ ወንፈል ታውቃላችሁ፤ ዛሬ አንተ ማሳ፣ ነገ እኔ ማሳ። እዚህም እንደዚያው ነው። የምትጠቀሙበት ሌላ ትንሽ ፕሮጀክት ካለ ሂዱና አንድ ነገር አስተካክሉለት። ባለቤቱ ስማችሁን ያውቃል፤ አንድ ቀን እሱም ይመጣል። እንግድነት ምን እንደሚመስልም እግረ መንገዳችሁን ታስታውሳላችሁ።

ተማሪ የምትፈልጉ ከሆነ ክረምቱን አስቡ፤ ፈተና ሰሞን ማንም የለም። ፕሮጀክታችሁ ሰፋ ካለና የሚያስተምር ሰው ካላችሁ ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ የሚባል፣ ጀማሪዎችን ኦፕን ሶርስ ላይ የሚያሠራ ፕሮግራም አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ይካሄዳል፣ ከ2022 ወዲህም ተማሪ ላልሆኑ ጀማሪዎች ክፍት ነው። አውትሪቺም በዓመት ሁለት ዙር፣ በክፍያ፣ ርቀት ላይ ያሉ ተለማማጆችን ይመድባል። ሁለቱም አማካሪ ይጠይቃሉ፤ አማካሪው ደግሞ እናንተው ናችሁ። ጊዜ ከሌላችሁ አትጀምሩት።

ሽልማት ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሃክቶበርፌስት የሚባለው ዝግጅት በኦክቶበር ውስጥ አራት ፑል ሪኩዌስት ለላከ ሰው ቲሸርት ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ቲሸርት ፈላጊው በዛና ሪድሚ ላይ አንድ ቃል እየጨመረ የሚልክ ሰው ጎረፈ። የፕሮጀክት ባለቤቶች ቆሻሻ ሲጠርጉ ሰነበቱ። በዚያው ወር ደንቡ ተቀየረና ራሱ ፈቅዶ ያልገባ ፕሮጀክት እንዳይቆጠር ተደረገ። ለቲሸርት የመጣ ሰው ቲሸርቱን ይዞ ይሄዳል።

ውጭ አገር ያሉ ልጆች ካሏችሁ ደግሞ ሰዓት! «ሁለት ሰዓት ላይ እንገናኝ» ብዬ አንዱን ዋሽንግተን ያለ ልጅ ሌሊት አስነሥቼዋለሁ። አሁን የምጽፈው እንዲህ ነው፦ ከምሽቱ 2 ሰዓት በአዲስ አበባ፣ ማለትም 20:00፤ ዋሽንግተን በክረምታቸው 12:00፣ በበጋቸው 13:00።

6. በሁለት ቀን ውስጥ መልሱ

ሞዚላ (ፋየርፎክስን የሚሠራው ድርጅት) ውስጥ ተጠንቶ የታየ ነገር አለ፦ የመጀመሪያ ሥራው በ48 ሰዓት ውስጥ ሪቪው የተደረገለት (ኮዱ ታይቶ አስተያየት የተሰጠበት) ሰው ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ እጅግ ይጨምራል። እኔ ይህን ያነበብኩት ያን ልጅ ካጣሁት በኋላ ነው።

ሙሉ ሪቪው በሁለት ቀን አይደርስም ካላችሁ አንድ መስመር ጻፉ። «አየሁት፣ አመሰግናለሁ። እሑድ በደንብ አነበዋለሁ።» ይህ 20 ሴኮንድ ነው። ከዚያ ግን እሑድ አንብቡት።

አነጋገሩም ለውጥ ያመጣል። ሁለት መልስ ላሳያችሁ። አንደኛው፦ «ይህ ልክ አይደለም። ኮንትሪቢዩቲንግ አንብብ።» ሁለተኛው፦ «ጳጉሜ 6 አሁን ይሠራል፣ ጥሩ አግኝተሃታል። አንድ ነገር ቀርታለች፤ 2014ን ስሞክረው እሱንም ተቀበለው፣ ያ ግን ውድቅ መሆን ነበረበት። 31ኛው መስመር ላይ ያለውን ቅንፍ እየው።» መልእክቱ አንድ ነው። የሁለተኛው ልጅ ግን ነገም ይመጣል።

ስፔስና ኮማ ላይ ችክ አትበሉ። እሱን ማሽን ይሥራው፤ ኮድ አስተካካዩን ፑል ሪኩዌስት በመጣ ቁጥር ራሱ እንዲሄድ አድርጉት። ሮቦት ሲያርም ማንም አይከፋውም። የቀረችው ትንሽ ነገር ከሆነች ደግሞ መርጅ አድርጉና (ወደ ዋናው ኮድ አስገቡትና) ራሳችሁ አስተካክሉ። አምስት ጊዜ የተመለሰ የመጀመሪያ ሥራ፣ መጨረሻ ላይ ቢገባም፣ ደስታው የለም።

ብዙ ልጆች ጥያቄያቸውን ኢሹ ላይ አይጽፉም፤ ቴሌግራም ላይ በውስጥ መስመር ይመጣሉ። «ሰላም ጋሼ፣ ይቅርታ ላስቸግርዎት...» ብሎ ይጀምራል። መጀመሪያ «አንተ በለኝ» በሉት። ከዚያ መልሱለት። አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ከመጣ ግን ስም ሳትጠሩ ኮንትሪቢዩቲንግ ፋይሉ ላይ ጨምሩት።

7. በሰው ፊት አመስግኑ

ሪሊዝ (አዲስ እትም) ስታወጡ ማን ምን እንደሠራ በስም ጻፉ፤ የተረጎመውን፣ ስህተት የጠቆመውንም ጭምር። ሰውየው ስሙ እንዲወጣ ይፈልግ እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ያንን ሊንክ ለሥራ ማመልከቻ ይልከዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

8. ቁልፉን ቀስ በቀስ ስጡ

ሰው የሚቆየው ድርሻ ሲኖረው ነው። አንድ ሰው ሦስት አራት ጥሩ ሥራ ከሠራ ሁልጊዜ የእናንተን ፈቃድ እየጠበቀ አይኖርም። ጊትሀብ ላይ ፕሮጀክታችሁ በግል አካውንታችሁ ሥር ከሆነ ፈቃድ መከፋፈል አይመችም፤ ያለው ባለቤትና ተባባሪ ብቻ ነው። ነጻ ኦርጋናይዜሽን (የቡድን አካውንት) ከፍታችሁ ወደዚያ አዛውሩት። እዚያ ደረጃ አለ። መጀመሪያ «ትሪያጅ» ስጡ፤ ኢሹ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ሌብል ይለጥፋል፣ ኮዱን ግን አይነካም። ከወራት በኋላ «ራይት»፣ ማለትም ኮዱን የመለወጥ ፈቃድ። ሪሊዝ የማውጣት መብት መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ቀስ በሉ የምለው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኤክስዜድ የሚባለው የፋይል ማመቂያ ውስጥ የተደበቀ የጓሮ በር (ሌላ ሰው በስውር እንዲገባ የሚያስችል ኮድ) ተገኘ። ያስገባው ሰው፣ ወይም ቡድን፣ «ጂያ ታን» በሚል ስም ከሁለት ዓመት በላይ ጥሩ ሥራ እየሠራ እምነት የገዛ ነው። የፕሮጀክቱ ባለቤት ብቻውን ደክሞ ነበር፤ ሌሎች የማይታወቁ አካውንቶችም «ለሌላ ሰው ስጠው» እያሉ ያጣድፉት ነበር። የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ነው፤ ወደ ሰርቨር መግቢያው በግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱ አላስችል ብሎት ሲቆፍር አገኘው።

ከዚህ የወሰድኩት ሁሉንም ጠርጥሩ የሚለውን አይደለም። የወሰድኩት ሁለት ነገር ነው። ስትደክሙ ቁልፍ አትስጡ፤ ስታርፉ ስጡ። ሪሊዝ ደግሞ ሁለት ሰው ሳያየው አይውጣ፣ አንደኛው እናንተ ብትሆኑም።

እኔ ጋ ራይት ያላቸው አሁን ሁለት ናቸው። አንዷ ያቺ ስምንት ወር ዝም ብላ ስትጠቀምበት የኖረችው ልጅ ናት። ጳጉሜ እንደገና 6 ቀን የምትሆነው በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ 2020 የሚገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ላይ ነው። ለዚያ የሚሆነውን ሪሊዝ የምታወጣው እሷ ናት፣ ሁለተኛ አንባቢው እኔ። የቴስቱ ኢሹ ተከፍቷል፣ «ጉድ ፈርስት ኢሹ» ተለጥፎበታል፣ እስካሁን የወሰደው የለም።